ዕቁብ ወጥቶልናል፤ ባሌ ግን አልነገረኝም

ዝምታ_ነኝ
ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንባቢ ነኝ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እሱ ገና አልገባም። በስልክ ስለምጽፍ የፊደል ስህተት ካለ እለፉልኝ።

ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። እሱ አይጠጣም። አንድ ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ይህን የምነግራችሁ ቶሎ ብላችሁ እንዳትሰድቡብኝ ነው።

ከኅዳር ወዲህ ግን ሰውዬው ተቀየረብኝ። ስልክ ሲደወልለት ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚያወራው። "ማነው?" ስለው "የሥራ ነው" ይላል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ያስቀምጣል። የሚስጥር ቁጥሩን ቀይሯል። ቅዳሜ ከሰዓት "ትርፍ ሥራ አለ" ብሎ ይጠፋል፤ የትርፍ ሥራውን ብር ግን አይቼው አላውቅም። ማታ ከእኔ በኋላ ነው የሚተኛው። አንዳንዴ ሌሊት ስነቃ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ትላንት ግን የጎረቤታችን ልጅ ክርስትና ነበር። የዕቁባችን ጸሐፊ ሚስት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እንጀራ እየቆረሰች፣ "እናንተማ ኅዳር ላይ ተገላገላችሁ፤ እኛ ገና አፋችንን ከፍተን እየጠበቅን ነው" አለችኝ። "ምኑን?" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከጉርሻው ጋር ዋጥኩት። "እግዜር ይመስገን" አልኳት።

ዕቁቡ በወር 5,000 ብር ነው፣ 24 ሰው። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እሱ ነን የምናወጣው። 120,000 ብር ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ፣ "የእኛ ዕጣ ተኝቷል፤ መጨረሻ ላይ ሊሆን ነው መሰለኝ" ብሎኛል። ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሴት ናት? የደረሰባችሁ ሰዎች ምልክቱን ንገሩኝ።

ሳሪስ_አቦ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:22

እህት፣ ምኑን ትጠይቂናለሽ? ስልኩ ደረጃ ላይ ነው፣ ቅዳሜው የለም፣ ብሩ የለም። ሦስቱን ደምሪያቸው። ሴት አለው። ምናልባት ቤት ተከራይቶላታል፤ 120,000 ለስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ልክ የምትሆን ብር ናት። ይቅርታ፣ ግን አላባብልሽም።

ኩርፊያ_በነፃ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ስልክ መድፋት ምልክት ከሆነማ እኔ አለቀልኝ። እኔ የምደፋው የቤቲንግ መልእክት ሲመጣ ልቤ እንዳይሸፍት ነው። ባለቤቴ ይህን ነግሬያት፣ "ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር" አለችኝ።

ለማንኛውም አይዞሽ እህቴ። ሳሪስ ሁሉንም ነገር ሴት ነው የሚለው። መብራት ሲጠፋም ሴት ናት ይላል።

ማሚ_ሁለት_ልጆች
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:58

ቀልዱን ተዉት፤ ሴትየዋ ተጨንቃለች።

እኔ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነበርኩ። የእኔ ሰውዬ አንድም ምልክት አልነበረውም። ስልኩ ክፍት ነው። ቁጥሩን ልጆቹም ያውቁታል። በሰዓቱ ይገባል። እንዲያውም በዚያ ዓመት ነው ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ደግ የሆነልኝ። እናቴ ስትታመም ሆስፒታል ያደረው እሱ ነው።

ያወቅኩት ኮቱን ለላውንደሪ ሳዘጋጅ ነው። በውስጥ ኪሱ የልጅ የክትባት ካርድ አገኘሁ። የእኔ ልጆች ክትባት ከጨረሱ ቆይተዋል። የልጁን ስም አነበብኩ፤ አላውቀውም። ቀጥሎ የአባት ስም አለ። እሱን አውቀዋለሁ። ልጁ የዘጠኝ ወር ክትባቱን ወስዶ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ ዘጠኝ ሲደመር ዘጠኝ።

ስለዚህ ስልክ ደፋ፣ ሽቶ ቀየረ የሚባለውን ዝርዝር እኔ አላምንበትም። ንጹሕ ሰው ስልኩን ይደፋል፣ ቀጣፊ ሰው ከፍቶ ያስቀምጣል። ዕቁቡን ግን ያዢው። እሱ ምልክት አይደለም፣ ማስረጃ ነው።

ፈጣን_መረጃ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:15

[ይህ መልስ ተነስቷል]

የመድረኩ_አስተናጋጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:20

"የጥሪ ዝርዝር የሚያወጣልሽ ሰው አለ፣ በውስጥ መስመር አናግሪኝ" የሚል ጽሑፍ ነው ያነሳሁት። የሰው ስልክ መሰለል እዚህ አይነገድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ ስልኩንም ጭምር ይጠብቃል፤ ባል ነው ሚስት ናት አይልም። እንዲህ የሚላችሁ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብሩን ተቀብሎ የሚጠፋ ነው። ቀጥሉ።

የጓዳ_አማካሪ
ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 1:40

በባልና ሚስት ምክር ሥራ ላይ ነኝ። ስለ "ምልክት" የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። መልሴ ሁልጊዜ ሰውን ያሳዝናል።

ሰው ውሸትን ከፊት ላይ ማንበብ አይችልም። ቦንድና ዴፓውሎ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከ24,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው አይተው ነበር። ሰዎቹ እውነትና ውሸትን በትክክል የለዩት በአማካይ ከመቶ 54 ጊዜ ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ። የምንወደው ሰው ሲሆን ደግሞ ለማመን እንቸኩላለን፤ ቂም ስንይዝበት ለመጠርጠር እንቸኩላለን።

ዓይን መስበር የውሸት ምልክት ነው የሚለው እምነት በብዙ አገር አለ። ጥናቱ ግን አይደግፈውም። እኛ ደግሞ ዓይን መስበርን ጨዋነት ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ዝምታ፣ አንቺ ራስሽ "ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ" ብለሻል። ይኸው።

ሌላው፣ ፖል ኤክማን የሚባል ሰው "የኦቴሎ ስህተት" ብሎ የሰየመው ነገር አለ። በሼክስፒር ተውኔት የኦቴሎ ሚስት ዴስዴሞና የፈራችው እንዳትታመን ነበር። ኦቴሎ ግን ፍርሃቷን የጥፋተኛ ፍርሃት አድርጎ አየው። የተጠረጠረ ሰው ይደናገጣል፤ ጥፋተኛም ሆነ ንጹሕ። "ፊቱ ተለዋወጠ" ብለሽ ፍርድ እንዳትሰጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

የሚጠቅመው፣ ሊጣራ የሚችል ነገር መያዝ ነው። አንቺ አንድ አለሽ። እሱን ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ ሳትጮሂ ጠይቂው። የጥርጣሬሽን ዝርዝር ሁሉ አታፍስሺበት፤ ደካማውን መርጦ በእሱ ይከራከርሻል።

የካዛንቺስ_እናት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ልጄ ሆይ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ 41 ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። የተማሩት ሰውዬ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ ደግ ብለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጫማው እንዴት ነው?

ውሽማ የያዘ ወንድ ያምርበታል። ጺሙን ይላጫል፣ ጫማው ይወለወላል፣ የማይወደውን ሸሚዝ ማውጣት ይጀምራል። የኔ ሟች ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ጊዜ ሸፍቶብኝ ነበር። ያኔ በቀን ሁለቴ ይታጠብ ነበር። እስቲ ጫማውን እዪና ንገሪኝ።

ዝምታ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:50

እማማ፣ ያሉትን አንብቤ ተነስቼ በሩ ጋ ሄድኩ። ዛሬ ስኒከር አድርጎ ነው የወጣው፤ የሥራ ጫማው አለ።

የቀኙ ተረከዝ አልቆ ምስማሩ ወጥቷል። ውስጡን ሳየው የወተት ካርቶን ቆርጦ አንጥፎበታል። ልጆቹ የሚጠጡት ወተት ካርቶን ነው። በልኩ ነው የቆረጠው፣ በመቀስ፣ ጥንቅቅ አድርጎ። ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አላየሁም። ሁልጊዜ እኔ ቀድሜ ነው የምወጣው።

ከመካኒሳ በእግሩ ነው የሚመጣው ማለት ነው? "ታክሲ ሰልፍ ነው" እያለ ነበር የሚያመሸው።

የካዛንቺስ_እናት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

ይሄ የሴት ወጪ አይደለም ልጄ። ዕዳ ነው።

ሳሪስ_አቦ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:15

እማማ በአክብሮት፣ ለሴቷ እያወጣ ለራሱ ያጣ ሰው የለም?

ሂሳብ_ሹም
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

እኔ የሰው ስሜት አልገባኝም፤ ሂሳብ ይገባኛል። ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ዕቁብ ከመሀል ሲወጣ ያለ ዋስ ብር አይሰጥም። ባለዕጣው ቀሪውን ወር እንደሚጥል የሚፈርምለት ሰው አለ። ስሙ ጸሐፊው መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ይህን ከአንቺ ደበቀ እንጂ ከሰው ሁሉ አልደበቀም። ዋሱ ያውቃል፣ ዳኛው ያውቃል፣ ጸሐፊው ያውቃል። ሴት ለመያዝ ብሎ ሚስቱ በምታውቀው ዕቁብ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካለ ወይ ደፋር ነው ወይ ቂል ነው። የተቸገረ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ቀን ሳይመርጥ።

ሁለተኛ፣ ብሩ በአንድ ጊዜ ወጣ ወይስ ቀስ በቀስ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቤቲንግና ጫት ቀስ በቀስ ይበላሉ። ቴሌብር ላይ ትንንሽ ብድር እየተወሰደ፣ አንዱ በሌላው እየተከፈለ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ የወጣ ብር ተቀባይ አለው፣ ደረሰኝም ሊኖረው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቤት ውስጥ ያልጠበቅሽው ብር ገብቶ ነበር?

ዝምታ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:02

ገብቷል። የልጆቹን የሁለተኛ ተርም ክፍያ እሱ ነው የከፈለው። 20,000 ነበር። "ቦነስ ሰጡን" ብሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዶሮ ሠርቼለታለሁ።

ቆፍጣናው
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:40

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ወንድ ልጅ እያንዳንዱን ብር ለሚስቱ ማስቆጠር አለበት እንዴ? ሴቶቹስ? ሚስቴ ለእናቷ የምትልከውን ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም። አልጠየቅኳትም። ትዳር ኦዲት አይደለም።

ማሚ_ሁለት_ልጆች
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:52

ቆፍጣናው፣ አለመናገር ሌላ፣ "ዕጣችን ተኝቷል" ማለት ሌላ። የመጀመሪያው ዝምታ ነው። ሁለተኛው ተቀምጦ የተፈጠረ ታሪክ ነው። ደግሞ ግማሹ ብር የእሷ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ታክሲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:20

ከአሜሪካ። የቆፍጣናው ነገር ነካኝ፤ እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ቤት ልንገዛ ብድር ጠየቅን። አበዳሪው የሁለታችንንም ክሬዲት፣ ማለት የብድር ታሪካችንን፣ አወጣ። የባለቤቴ ስም ላይ እኔ የማላውቃቸው ሦስት ክሬዲት ካርዶች ተገኙ። በድምሩ 14,000 ዶላር። ሰውዬው ወረቀቱን ሲያዞርልኝ እሷ ቦርሳዋን መጎርጎር ጀመረች። ምንም አልፈለገችበትም፣ ዝም ብላ ትጎረጉራለች።

ለቤተሰቧ ነው የላከችው። የእህቷ ሠርግ፣ የአባቷ ኩላሊት፣ የወንድሟ የጉዞ ብር። እኔ አንድ ጊዜ፣ "ያንቺ ቤተሰብ አይጠግብም" ብያት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ አልነገረችኝም። ካርዱን እያወጣች፣ ፖስታውን ከእኔ በፊት ከሳጥን እየወሰደች አራት ዓመት ኖረች። ፖስታ የማምጣት ሥራዋን እኔ እንደ ትጋት ነበር የማየው።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ክሬዲት ሪፖርታችሁን በነጻ ማየት ትችላላችሁ፤ በዓመት አንዴ ሁለታችሁም አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ታክስም አብራችሁ የምታስገቡ ከሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ለአንዱ ውሸት ሁለታችሁም ናችሁ ተጠያቂዎቹ።

ቤቱን አልገዛንም። አብረን ግን አለን።

የሪያድ_ልጅ
ረቡዕ፣ የካቲት 5፣ ከሌሊቱ 7:15

ማዳሜ ስትተኛ ነው የምጽፈው። እኔ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ደመወዜን ለባሌ ነበር የምልከው፤ ቤት እየሠራልኝ ነበር። ፎቶ ይልክልኛል። መሠረቱ፣ ግድግዳው፣ ብሎኬቱ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ ነገር አየሁ። ፎቶው ላይ የባሕር ዛፍ መወጣጫ አለ፤ አንዱ እንጨት ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮበታል። ከሁለት ዓመት በፊት በላከው ፎቶ ላይም ያው ፌስታል አለ። አንዱን ከቀኝ፣ ሌላውን ከግራ ነው ያነሳው። "ቪዲዮ ላይ አሳየኝ" ስለው ኔትወርክ ይቆራረጣል። እኔ ጋ አይቆራረጥም፤ እሱ ጋ ቤት ሲሆንም አይቆራረጥም። ቦታው ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

የጎረቤት ልጅ ሄዳ አየችልኝ። ግድግዳው እንደቆመ ቀርቷል፤ ካርታው ደግሞ በወንድሙ ስም ነው።

እህቴ፣ አንቺ አጠገብሽ ነው ያለው። ጠይቂው።

የፍርድ_ቤት_ደጃፍ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

ጠበቃ ነኝ። ለሪያዷ እህታችን መጀመሪያ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 62 ሁለታችሁ በትዳር ውስጥ ሠርታችሁ ያገኛችሁት የጋራ ነው ይላል። አንቀጽ 63 ደግሞ በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ይህ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የራሳቸው አላቸው። ያንቺ ችግር ካርታው በሦስተኛ ሰው ስም መሆኑ ነው። ስለዚህ የሐዋላ ወረቀቶችሽ ወርቅ ናቸው። በየወሩ የላክሽበትን፣ ፎቶዎቹን፣ "ቤቱ እዚህ ደረሰ" ያለበትን የድምፅ መልእክት አንዱንም አታጥፊ።

ለዝምታ፦ ጉዳዩ ዕዳ ከሆነ የተፈረመ ወረቀት ይኖራል። ምን እንደፈረመና መቼ እንደፈረመ ጠይቂው። ቀኑን በተለይ።

ኩርፊያ_በነፃ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:00

ዝምታ ዝም አለች። ሰው ጨነቀው እኮ።

ዝምታ_ነኝ
ሐሙስ፣ የካቲት 6፣ ከምሽቱ 5:05

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። ትላንት ማታ ጠየቅኩት።

ልጆቹ ተኙ። ሻይ አፈላሁ። የጓዳ አማካሪው እንዳሉት ስልኩን አላነሳሁም፣ ቅዳሜን አላነሳሁም። "ዕቁቡ ኅዳር ላይ ወጥቷል አሉኝ። ብሩ የት ነው?" አልኩት። ይቺን ብቻ።

ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ረጅም ሰዓት አማሰለው። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

ከዚያ አወራ። የአጎቱ ልጅ አለ። ጥቅምት 2015 ላይ አንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ተባለ። ባለቤቴ ፈረመለት። ባለፈው መስከረም ሂሳብ ሲመረመር 186,000 ብር ጎደለ። ልጁ በሞያሌ በኩል ወጥቷል፤ ደቡብ አፍሪካ ገባ ይላሉ። ድርጅቱ ባለቤቴን ጠራው። "ወይ ትከፍላለህ ወይ ክስ ነው፤ መሥሪያ ቤትህም ይጻፍለታል" አሉት። የዕቁቡን 100,000 ኅዳር ላይ ሰጣቸው። ከታኅሣሥ ጀምሮ በወር 6,000 እየከፈለ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የጓደኛውን መኪና እየነዳ ኮንትራት ይሠራል። ደረጃው ላይ የሚደውሉት የድርጅቱ ሰዎች ናቸው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ያኔ 'ተው፣ ይሄ ልጅ አያምርም' ብለሽኝ ነበር" አለኝ።

ብዬዋለሁ። ልብሱን ሲተኩስ፣ ሊፈርም በሚሄድበት ጠዋት ነው ያልኩት። ረስቼው ነበር። እሱ አልረሳውም።

አልቅሻለሁ፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት አላውቅም። ሴት ባለመሆኗ እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። አምስት ወር! ዶሮ ሠርቼለት በልቷል እኮ! ዛሬ አልተነጋገርንም።

ሳሪስ_አቦ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:12

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ይቅርታ እህቴ። የካዛንቺስ እናት፣ ከእግርዎ ሥር ነኝ።

የካዛንቺስ_እናት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:30

ተነስ። ልጄ፣ ጫማ ግዢለት። ከዚያ ተቆጪው።

ማሚ_ሁለት_ልጆች
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:41

እኔ ደግሞ እማማን በአክብሮት አልስማማም። ምስኪን ነው ብላችሁ ቶሎ አታሻግሩት። ለደግ ምክንያት የዋሸ ሰው መዋሸት እንደሚችል አውቋል። "ቦነስ ሰጡን" ያለውን አስቡት። ስለ ዕዳው ዝም ማለት አልበቃውም፤ ደስ እንዲላት ታሪክ ፈጠረ። እኔን የጎዳኝ ልጁ አልነበረም። ያ ዓመት ነበር። እናቴ የታመመችበት ዓመት የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ቆፍጣናው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:55

ወንድ ልጅ ሲያፍር እንዲህ ነው። አይገባችሁም። ሰውዬው ካርቶን እየረገጠ የልጆቹን ክፍያ ከፍሏል።

ማሚ_ሁለት_ልጆች
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:58

ካርቶኑን እኔም አይቻለሁ ወንድሜ። ግን እሷም ታውቅ ቢሆን ኖሮ ካርቶን አይረግጥም ነበር።

የፍርድ_ቤት_ደጃፍ
ዓርብ፣ የካቲት 7፣ ከጠዋቱ 2:10

እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር።

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይፈልጋል ይላል። 500 ብር ዛሬ የአንድ ሰው ምሳ ሆኗል፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። ብዙ ባሎችና ሚስቶች ይህን ሳያውቁ በየቢሮው ይፈርማሉ፤ ቢሮዎቹም አይጠይቁም። ያልተስማማው ወገን ግዴታው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ካወቀበት ቀን ስድስት ወር ነው፤ ከተፈረመ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈ አይቻልም። አንቀጽ 69 ነው።

ዝምታ፣ አንቺ ያወቅሽው ትላንትና ወዲያ ነው። የተፈረመው ግን ጥቅምት 2015 ነው። ሁለት ዓመቱ ባለፈው ጥቅምት ሞልቷል። መስከረም ላይ ሲጠሩት ነግሮሽ ቢሆን አንድ ወር ነበረሽ። ይህን የምለው ላቆስልሽ አይደለም።

ግን አንድ በር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት የመጨረሻ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። መጠኑ ከተጻፈ ደግሞ ጣሪያው እሱ ነው። ባለቤትሽ ወረቀቱን አንብቦታል? ኮፒው አለው? ገንዘቡ የተከፈለበት ደረሰኝስ?

ዝምታ_ነኝ
ዓርብ፣ ከቀኑ 6:45

ጠየቅኩት። "ፈርሜ ሰጠኋቸው እንጂ አላነበብኩትም" አለኝ። ኮፒው መሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ነገ ያመጣዋል።

ስለ ሌላው ጉዳይ እሱ ነው ያነጋገረኝ። የስልኩን ቁጥር ነገረኝ። አልፈልግም አልኩት። እውነቴን ነው፤ አሁን ስልኩን ባየው የማገኘው የድርጅቱን ሰዎች ቁጥር ብቻ ነው። ነገም ሌላ ነገር ቢመጣ በስልኩ አይደለም የማውቀው። ምን እንዲያደርግልኝ እንደምፈልግ ገና አላውቅም።

የጓዳ_አማካሪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:20

እስክታውቂው አትቸኩይ። ይቅርታውን ዛሬ የምትሰጪው ቤቱ ጸጥ እንዲል ብለሽ ከሆነ ቆይቶ ይመለስብሻል። እስከዚያው ግን አንድ ነገር አድርጉ። ደመወዝ በገባ ቀን ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ የገባውንና የወጣውን በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ። ለምርመራ አይደለም፤ የሚያሳፍረው ነገር የሚነገርበት የታወቀ ሰዓት እንዲኖር ነው። ብዙ ሰው የሚደብቀው መናገሪያ ሰዓት አጥቶ ነው። ሁሉም ግን አይደለም፤ ማሚ ያለችውን አልረሳሁም።

ዝምታ_ነኝ
እሁድ፣ የካቲት 9፣ ከቀኑ 8:30

ወረቀቱን ትላንት አመጣው። አልጋ ላይ ዘርግተን አብረን አነበብነው። አንድ ገጽ ነው። ማኅተም ያለበት ቦታ ደብዝዟል። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ በእስክሪብቶ የተሞላች አንዲት መስመር አለች፦ "የዋስትናው መጠን ብር 80,000 (ሰማንያ ሺህ)"።

ሁለታችንም ዝም አልን። ደብተሩን አመጣሁ። ኅዳር 100,000። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት፣ በየወሩ 6,000። 118,000።

ሦስቴ ደመረው። ከዚያ፣ "እኔም ገና አሁን ላንቺ ሳሳይሽ ነው ያነበብኩት" አለኝ። እኔም አልመለስኩለትም።

ጠበቃው፣ ደረሰኞቹ አራቱም አሉ። ማክሰኞ ይዘን ልንሄድ ነው። ኮፒ ይበቃል ወይስ ዋናውን ይጠይቁናል?

የፍርድ_ቤት_ደጃፍ
እሁድ፣ ከቀኑ 9:15

ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮፒውን ስጡ። ዋናው ከእጃችሁ እንዳይወጣ። ከፊታችን ያለውን የመጋቢት ክፍያ ጠበቃ ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ለድርጅቱም አስቀድማችሁ በስልክ ምንም አትበሉ፤ ቢደውሉ ደረጃ ላይ መውጣት አያስፈልገውም፣ አጠገብሽ ሆኖ ያናግራቸው።